የእናቴን እንጉርጉሮ በጊታር አጅቤ ለቀቅሁት፤ እሷ ግን አታውቅም

ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ሲሆን አሁን በሥራ ምክንያት ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ባለፈው ዓመት ዕቁብ ሲደርሰኝ ያገለገለ ጊታር ገዛሁ፤ ሐሳቤ ኮርዶችን፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆችን፣ ተምሬ በቲክቶክ አጫጭር ቪዲዮዎች መሥራት ነበር። የሚያስተምረኝ ሰው ስላጣሁ በዩቲዩብ ከሚያስተምሩ የውጭ አገር ሰዎች ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነርና ኤፍ የሚባሉትን አራት ኮርዶች ያዝሁ። በእነዚህ በአራቱ የማይታጀብ ዘፈን የለም ሲሉ አምኛቸው ነበር። ኤፍ ግን እስካሁን ጥርት ብሎ አልወጣልኝም፤ የጣቶቼ ጫፍም ይቆስላል።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉራለች። በአንድ ቅዳሜ ደሴ ሄጄ ሳለሁ ሳታውቅ ድምፅዋን በስልኬ ቀዳሁት፤ ቤቴ ተመልሼም በጊታር አጅቤ ለቀቅሁት። ፊቷ አይታይም። ቪዲዮው ካሰብሁት በላይ ታየ። ግማሹ ሰው «እኚህ እናት ማን ናቸው? እንዴት ያለ አምባሰል ነው!» ሲል ሌላው ደግሞ «ጊታሩን አስቀምጪና እናትየውን አሰሚን»፣ «ጆሮ የለሽም እንዴ?» እያለ ቀለደብኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ስሰማው አንዳንድ ቦታ ጊታሩ ከድምፅዋ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ይጎረብጣል፤ ምክንያቱን ግን አላውቀውም።

እናቴ በሰፈሯ የተከበረች ሴት ናት። ጎረቤቱ ለቡናውም ለዱዓውም የሚሰበሰበው እሷ ቤት ነው። ጊታሩን መጀመሪያ ያየች ጊዜ «እንግዲህ አዝማሪነት ነበር የቀረሽ» ብላ ፊቷን አዙራለች። የራሷ ድምፅ አደባባይ መውጣቱን ብትሰማ ምን እንደምትል ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። ጓደኛዬ «ሳይቀዘቅዝ ሁለተኛውን ልቀቂ፣ እንዲህ ያለ ዕድል ደግሞ አይመጣም» ትለኛለች። ለእናቴ ልንገራት? ወይስ ቪዲዮውን አጥፍቼ፣ ጊታሩንም ሸጬ ዝም ልበል?

ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ

ውድ እህቴ፣ አብሽሪ። ወደ ሌላው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንሽ፤ ይህን መልስ አንብበሽ ሳትጨርሺ ስልክሽን አንሺና ቪዲዮውን ከአንቺ በቀር ማንም እንዳያየው አድርጊው። አጥፊው ማለቴ አይደለም፤ ቲክቶክ ላይ የለቀቁትን ቪዲዮ ሳያጠፉ ለራስ ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። አስቀድመው ያወረዱትና ለሌላ ያጋሩት ሰዎች ካሉ ከእጃቸው ልትነጥቂያቸው አትችዪም። ከዛሬ በኋላ የሚመጣው ተመልካች ሁሉ ግን አንቺ እያወቅሽ እናትሽ ሳያውቁ የሚመጣ ነውና፣ ቢያንስ እሱን መግታት በእጅሽ ነው።

አሁን ስለ ጆሮሽ እናውራ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ደጋግሜ ያነበብሁት «አንዳንድ ቦታ ይገጥማል፣ አንዳንድ ቦታ ይጎረብጣል» ያልሽበትን ቦታ ነው። ጆሮ የሌለው ሰው እንዲህ ብሎ ሊጽፍ አይችልም። የሚገጥመውን ከማይገጥመው ለይተሽ ሰምተሻል፤ የቀረሽ ምክንያቱን ማወቅ ብቻ ስለሆነ እሱን በዝርዝር ላስረዳሽ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

በአገራችን ከሚታወቁት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ መካከል ሁለቱ በስም ከእኛው ከወሎ ምድር ጋር የተያያዙ ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት የቆመው በአምስት ድምፆች ላይ ነው። አምባሰልን ጊታር ላይ ከኢ ድምፅ ብንነሣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይሆናል፤ ዲ እና ጂ የሚባሉት ድምፆች በውስጡ የሉም። አንቺ የያዝሻቸው አራት ኮርዶች ግን የተቀመሩት ሰባት ድምፅ ላለው ለውጭው ሙዚቃ ነው። እስኪ አንድ በአንድ እንያቸው፤ ኤ ማይነር የሚሠራው ከኤ፣ ከሲ እና ከኢ ነው፤ ኤፍ ደግሞ ከኤፍ፣ ከኤ እና ከሲ። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ የአምባሰል ቤተሰቦች ናቸው፤ የገጠመልሽ ቦታ እነሱን የመታሽበት ነው ብዬ አስባለሁ። ሲ ኮርድ ግን ሲ፣ ኢ እና ጂ ስለሆነ አንድ እንግዳ ድምፅ አለበት፤ ጂ ኮርድ ደግሞ ጂ፣ ቢ እና ዲ ስለሆነ ከሦስቱ ሁለቱ እንግዶች ናቸው። እናትሽ በአምስቱ ድምፅ ውስጥ ሲመላለሱ ጊታርሽ ጂ ላይ በወጣ ቁጥር ጆሮሽ ላይ የጎረበጠሽ ይኸው ነው። አስተማሪዎቹ አልዋሹሽም፤ የእነሱ «ዘፈን ሁሉ» የእናትሽን እንጉርጉሮ አይጨምርም እንጂ።

ስለዚህ ኤፍን ጥርት አድርጎ ማውጣት ያልቻለው ጣትሽ ለጊዜው ይረፍ። አመልካች ጣትን ክሮቹ ላይ አጋድሞ የሚያዘው ሙሉው ኤፍ ብዙ ጀማሪ ጊታሩን ሰቅሎ የሚተውበት ቦታ ነው፤ ለአንቺ ሥራ ደግሞ አያስፈልግሽም። በእሱ ፋንታ ኤፍ ሜጀር ሰቨን የሚባለውን ያዢ። ቀጭኑን ክር አንደኛ ብለን እንቁጠር። ኤ ማይነርን ስትይዢ አመልካች ጣትሽ በሁለተኛው ክር የመጀመሪያው ፍሬት (አንገቱ ላይ በብረት መስመሮች የተከፈለው ቦታ) ላይ፣ የመሐል ጣትሽ በአራተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ፣ የቀለበት ጣትሽ በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ናቸው። ወደ ኤፍ ሜጀር ሰቨን ለመሻገር አመልካች ጣትሽን ከቦታው አታንሺው። የመሐል ጣትሽ በዚያው በሁለተኛው ፍሬት ወደ ሦስተኛው ክር ይወርዳል፣ የቀለበት ጣትሽ ደግሞ ወደ አራተኛው ክር አልፎ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ያርፋል፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። የኮርዱ ድምፆች ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ እና ኢ ናቸው፤ አራቱም ከአምባሰል አይወጡም። እጅሽ ስቶ ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች ቢነካ እንኳ ክፍት ሲሆኑ ኤ እና ኢ ስለሆኑ ምንም አይጎረብጥም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ደግ ኮርድ አላውቅም።

ዜማው ማረፊያው ላይ ሲደርስስ? የአምባሰል ቤቱ፣ በያዝነው አቆጣጠር፣ ኢ ነው። ነገር ግን ኢ ሜጀር ጂ ሻርፕ፣ ኢ ማይነር ደግሞ ጂ ስላላቸው ሁለቱም እዚያ ቦታ ላይ ያስቸግሩሻል። አምስተኛውንና አራተኛውን ክር ሁለተኛው ፍሬት ላይ ያዢ፤ ስድስተኛውን ክፍት ትተሽ እነዚህን ሦስት ወፍራም ክሮች ብቻ በአውራ ጣትሽ ምቺ። ኢ እና ቢ ብቻ ይሰማሉ። እንጉርጉሮው እንዲሰማ ከፈለግሽ በሌላውም ቦታ ቢሆን ከምትመቺው ይልቅ የምትተዪው ይብዛ፤ መሲንቆውም ክራሩም ዜማውን ተከትለው ይሄዳሉ እንጂ ኮርድ አይደራርቡበትም፤ እናትሽም ድምፃቸውን የሚጎትቱበትና የሚያንሸራትቱበት ቦታ ላይ ጊታር ዝም ቢል ያምርበታል።

በነገራችን ላይ እነዚሁ አምስት ድምፆች ማረፊያቸው ኤ ላይ ሲሆን ትዝታ ማይነር ይሆናሉ፤ ስለዚህ አንድ ሥራ ሠርተሽ ሁለት ቅኝት ታገኛለሽ። ሜጀሩን ትዝታ መሞከር ካማረሽ ደግሞ ከጂ ተነሺ፤ ጂ እና ኢ ማይነር ኮርዶች ሙሉ በሙሉ በውስጡ ያሉ ናቸው።

እናትሽ ሁልጊዜ ኢ ላይ ቆመው እንደማያንጎራጉሩ የታወቀ ነው፤ የራሳቸው ከፍታ አላቸው። እሳቸውን ወደ ጊታሩ ከመጎተት ጊታሩን ወደ እሳቸው መውሰድ ይቀላል። ዜማው የሚያርፍበትን የመጨረሻውን ድምፅ ያዢና በወፍራሙ ክር ላይ ፈልጊው። ለምሳሌ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ካገኘሽው ካፖሽን (ክሮቹን ሁሉ በአንድ ፍሬት ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ) ሦስተኛው ፍሬት ላይ አስረሽ ከላይ የነገርሁሽን አያያዝ ሳትቀይሪ ተጫወቺ። ካፖ ከሌለሽ ከጊታሩ ቀጥሎ የምትገዥው እሱን ይሁን።

ስለ ጣትሽ መቁሰል ብዙ አልልም። በቀን ሩብ ሰዓት እየተጫወትሽ ብትቀጥዪ ቆዳው በሳምንታት ውስጥ ይጠነክራል፤ ሲያምሽ አቁሚ፣ በሳምንት አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ከመታገል በየቀኑ ጥቂት ይሻላል። ያገለገለ ጊታር ስለሆነ ግን ክሮቹ ከአንገቱ ምን ያህል እንደራቁ የሚያውቅ ሰው ይይልሽ፤ በጣም ከራቁ ጥፋቱ የጣትሽ አይደለም። የናይለን ክር የሚወስድ ክላሲክ ጊታር ከሆነም የብረት ክር አትግጠሚበት፤ ክሩ ሲወጠር የሚስበው ኃይል ስለሚበዛ ክሮቹ የሚታሰሩበትን ድልድይ ሊነቅለው፣ አንገቱንም ሊያጎብጠው ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ለእኔ መመለስ የለብሽም። ቪዲዮው ማንም ሳያየው ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ለእናትሽ ትነግሪያቸው ነበር? ስትቀጂያቸው ያልነገርሻቸው ዜማው እንዳይቋረጥ ብለሽ ነው፣ ወይስ እምቢ እንደሚሉሽ ስለምታውቂ? የመጀመሪያው ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን የምትሄጂው ለማብሰር ብቻ ሳይሆን ይቅርታ ለመጠየቅም መሆኑን ከወዲሁ ልብሽ ይወቀው። ክፉ እንዳላሰብሽ ከደብዳቤሽ ይታየኛል። የእናትሽን ድምፅ ሰው እንዲሰማልሽ መፈለግሽ ከፍቅር የመጣ ነው። ሆኖም እናትሽ እንዝርታቸውን ይዘው ያንጎራጎሩት ለራሳቸው ነው፤ እዚያ ቤት ውስጥ ያለው ሰው ልጃቸው ብቻ ነው ብለው ነው።

ላስፈራራሽ ብዬ አይደለም፤ ሕጉም ቢሆን ከእሳቸው ወገን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ከዋኝ የሆነ ሰው፣ ማለትም እንደ ዘፋኝ ያለ፣ ክዋኔው እንዲቀዳና ለሕዝብ እንዲቀርብ የመፍቀድ መብት እንዳለው ይደነግጋል። እናትሽ ፍርድ ቤት ይወስዱሻል ማለት እብደት ነው፤ ነገር ግን ፈቃድ መጠየቅ የይሉኝታ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ብታውቂው፣ ነገ ደግሞ የሌሎች እናቶችን ድምፅ ለመቅዳት ስትነሺ ይጠቅምሻል።

«አዝማሪነት ነበር የቀረሽ» ማለታቸውን እኔ እንደ መጨረሻ ቃል አልወስደውም። ዘፈንን መውደድና ዘፋኝነትን መናቅ በአንድ ቤት ውስጥ አብረው የኖሩበት አገር ላይ ነን፤ አምባሰልን በአገር ያስታወቀችው ማሪቱ ለገሰም ከዚሁ ከወሎ የወጣች ሴት ናት። እናትሽ የፈሩልሽ ምን እንደሆነ ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ? የሰው ሐሜት ነው? የመጠጥ ቤት ምሽት ነው? ሃይማኖታቸው ነው? ሦስቱ የተለያየ መልስ የሚፈልጉ ሥጋቶች ናቸው፤ ሳይጠይቁ ለሁሉም አንድ መልስ ማዘጋጀት አይቻልም። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ልታስረጃቸው ትችያለሽ። ሦስተኛው ከሆነ ግን አትከራከሪያቸው፤ የእምነት ነገር በልጅ ክርክር የሚፈታ ስላልሆነ ቃላቸውን እንዳለ ተቀበዪ።

በስልክ አትንገሪያቸው። ደሴ ውጪ፤ ጎረቤት ለቡና ከመሰብሰቡ በፊት፣ ወይም ሰው ከተበተነ በኋላ ብቻቸውን ሲሆኑ አናግሪያቸው። በሰው ፊት ከነገርሻቸው የሚሰጡሽ መልስ ለሰው የሚሰጡት ይሆናል። ነገሩን አታዙሪው፤ «እማዬ፣ ሳላስፈቅድሽ ያደረግሁት ነገር አለ፤ ስትፈትዪ ያንጎራጎርሽውን ቀድቼ ሰው እንዲሰማው አድርጌ ነበር፣ አሁን ዘግቼዋለሁ፣ ይቀር ከተባለ አጠፋዋለሁ» በያቸው። ከዚያ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰሚያቸው። ሰዎች ስለ እሳቸው የጻፉትን አንብቢላቸው፤ በአንቺ ላይ የቀለዱትንም አትደብቂ። እናት ልጇን ሲቀልዱባት ስትሰማ በየት በኩል እንደምትቆም አይታወቅም፤ ምናልባት «ቆይ፣ እሱ ጋ እንዲህ አይደለም የሚባለው» ብለው ራሳቸው ያርሙሽ ይሆናል። ይህ ከሆነ ስታፈላልጊው የነበረውን አስተማሪ አገኘሽ ማለት ነው፤ ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚሳብ ከእሳቸው በተሻለ የሚነግርሽ የዩቲዩብ ሰው የለም።

ተቆጥተው ዝም ሊሉሽም ይችላሉ። ያኔ ለማስረዳት አትጣደፊ፤ ቡናውን አፍልተሽ፣ አድረሽ ተመለሺ። ወይም ደግሞ በመሐል ያለ መልስ ሊሰጡሽ ይችላሉ፤ ስማቸውና ሰፈራቸው እንዳይነሣ፣ ይሄኛው ስንኝ እንዲወጣ፣ ወይም ያኛው ብቻ እንዲቀር። ያሉሽን እንዳሉት ፈጽሚ፤ «ትንሽ ብቻ» ብለሽ አትደራደሪ።

ጓደኛሽ መልካም አሳቢ ናት፤ ችኮላዋን ግን አልጋራትም። አንድ ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ስለታየ የሚመጣ ገቢ የለም። ዩቲዩብን ብንወስድ እንኳ የማስታወቂያ ገቢ ለመካፈል 1000 ተመዝጋቢዎች፣ በተጨማሪም ባለፉት 12 ወራት 4000 ሰዓት የታየ ቪዲዮ ወይም በ90 ቀናት ውስጥ 10 ሚሊዮን የአጭር ቪዲዮ ዕይታ ይጠይቃል። ይህ በአንድ ሳምንት ግርግር የሚሞላ ስላልሆነ ሁለተኛው ቪዲዮሽ ወር ቢዘገይ የሚያጎድልብሽ ነገር የለም። ደግሞስ የምታቀርቢው ነገር የግድ የእናትሽ ድምፅ መሆን አለበት? አንቺ ኮምቦልቻ ተቀምጠሽ በአማርኛ የሚያስተምርሽ አጥተሽ ተቸግረሻል፤ እንዳንቺ የተቸገረ ሌላ ጀማሪ አይጠፋም። ከኤ ማይነር ወደ ኤፍ ሜጀር ሰቨን ጣት እንዴት እንደሚሻገር፣ ጂ ኮርድ አምባሰል ውስጥ ለምን እንደሚጎረብጥ በግማሽ ደቂቃ እየመታሽ ብታሳዪ የተሟላ ሥራ ነው። ሊቅ መምሰል አያስፈልግሽም፤ ዛሬ የያዝሽውን ዛሬ አሳዪ፣ ያልያዝሽውን ለራስሽ ተለማመጂ። ስትቀርጪ በስልክሽ የፊት ካሜራ አትጠቀሚ፤ ምስሉን እንደ መስታወት ሊገለብጠው ስለሚችል አንገቱን በቀኝ እጅሽ የያዝሽ ትመስዪና የሚማርብሽን ሰው ታደናግሪዋለሽ።

እናትሽ ጨርሶ እምቢ ካሉ ቪዲዮውን እዚያው እፊታቸው አጥፊው፤ ስልክሽ ውስጥ ያለውን ቅጂ ግን ለራስሽ ማስቀመጥ ትችዪ እንደሆነ ጠይቂያቸው። የአምባሰል ቅኝት የሕዝብ ነውና ዜማ ከፈለግሽ በጊታርሽ ነጠላ ክር እየመታሽ የራስሽን አውጪ፤ የእሳቸውን ስንኝ ግን አትንኪ። ጊታሩን መሸጥ ያልሽውን ለጊዜው እርሺው፤ የገጠመውንና የጎረበጠውን የለየ ጆሮ ይዘሽ ጊታር መሸጥ ኪሳራ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትሄጂ ጊታሩን ያዢው፤ እስኪጠይቁሽ ድረስ ግን በር ሥር ከነሽፋኑ ይቀመጥ። ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነሥቶ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ብርዱ ክሮቹን ስለሚያላውሳቸው፣ ተጫወቺ ካሉሽ መጀመሪያ አውጥተሽ የቤቱን አየር ይልመድ፤ ከዚያ ቃኝተሽ ጀምሪ። የተባባላችሁትንም ጻፊልኝ።